ያለ ቦታው የተበሳ ቀዳዳ

በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር፥ ይኸውም ዛሬ ከአማን ጋር ተዋሕዳ ሚዛን አማን በምትባለው በሚዛን ተፈሪ፥ በቴፒና በአካባቢያቸው፥ ጊታር አንግቶ የሚሄድ ወጣት ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ጊታሩና አምፕሊፋየሩ ከሩቅ ተገዝተው የመጡ ናቸው። ድምፁ የሚወጣበትን ሳጥን ግን በአገሩ አናጢ ማሠራትን የሚመርጡ አሉ፤ ደግም አድርገዋል እንላለን። ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ታስሮ የመጣ ሳጥን ማእዘኑ ሳይላላ ከደረሰ ዕድለኛ ነው። በዚያ ላይ የቡና አገር አናጢ ለእንጨት እንግዳ አይደለም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ሥራውን ለመንቀፍ ሳይሆን፥ በዚህ ሥራ ላይ የሚደርሰውን አንድ ትንሽ የምትመስል ትልቅ ጥፋት ለማመልከት አስበናል።

ጥፋቱም ይህ ነው። አናጢው ሳጥኑን አሳምሮ ከገጠመ፥ ስፒከሩ የሚገባበትንም ትልቁን ክብ ከቈረጠ በኋላ፥ ከበታቹ ሌላ አነስ ያለ ክብ ቀዳዳ ይበሳል። ለምን በሳኸው ተብሎ ሲጠየቅ፥ «ከሱቅ የሚመጣው ሁሉ አለው» ይላል። አሠሪውም፥ ቀዳዳ የሌለው ሳጥን ቢመጣለት ያልተጨረሰ ሥራ ይመስለዋል። ከዚያ ሳጥኑ ይዘፈንበታል። ድምፁ ከበሮ በጆንያ ተሸፍኖ እንደሚመታ ሆኖ «ዱም ዱም» ይላል፤ የጊታሩ ክር ተለይቶ አይሰማም። ያን ጊዜ ፍርዱ ፈጣን ነው፤ «የአገር ቤት ሥራ ምን ይሆናል!» ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት ክበቡ ገንዘቡን አጠራቅሞ የውጭ አገር ሳጥን ይገዛል፤ አናጢውም ወደ በሩና ወደ መስኮቱ ይመለሳል። እኛ ግን እንጨቱም መጋዙም እጁም ደኅና ነበሩ፥ የከፋው ቀዳዳው ብቻ ነው ብለን እንከራከራለን። ለጊታር ተብሎ በሚሠራ ሳጥን ላይ፥ አስልቶ ካልሆነ በስተቀር፥ ቀዳዳ መብሳት አይገባም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ስፒከሩን እንመልከት። ስፒከር ማለት በማግኔትና በተጠመጠመ ሽቦ ኀይል ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚርገበገብ የወረቀት ሾጣጣ ነው። ወረቀቱ ወደ ፊት በገፋ ጊዜ ከፊቱ ያለውን አየር ያምቃል፥ ከኋላው ያለውን ግን ያሳሳል። የታመቀውና የሳሳው አየር በስፒከሩ ጠርዝ ዞረው ከተገናኙ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። ይልቁንም ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ስፒከርን ያለ ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ያሰማ ሰው ድምፁ እንደ ሞተ ዝንብ የሚሆንበት ምክንያት ይኸው ነው። የሳጥን ዋና ሥራ ፊትንና ኋላን ማለያየት ነው፤ ጌጥነቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ይህን ማለያየት በሦስት መንገድ ማድረግ ይቻላል። አንደኛው ጀርባውን በከፊል ክፍት መተው ነው፤ ወፍራሙ ድምፅ ጥቂት ይቀንሳል፥ ነገር ግን ድምፁ በክፍሉ ሁሉ ይናኛል። ሁለተኛው ጀርባውን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ነው፤ በውስጥ የታሰረው አየር እንደ ሞላ ሆኖ ወረቀቱን ይይዘዋል፥ ድምፁም ጠጣርና ወደ ፊት ያተኮረ ይሆናል። ሦስተኛው የኋላውን አየር በልክ በተሠራ መተንፈሻ አሳልፎ ከፊተኛው ጋር እንዲተባበር ማድረግ ነው። ብልኀቱ የሚያስደንቀው ይህ ሦስተኛው ነው፤ የሚያሳስተውም እሱው ነው።

ስለ መተንፈሻው ለማወቅ ላቦራቶሪ መሄድ አያስፈልግም። ባዶ እንስራ ወይም ጠርሙስ አንሥቶ በአፉ ላይ አግድም መንፋት ይበቃል። «ሁ» የሚል አንድ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፤ ቢነፉት ቢነፉት ያው አንድ ድምፅ ነው። ውሃ ጨምሮበት ሆዱን ቢያጠቡት ድምፁ ይቀጥናል። የጀርመኑ ሊቅ ኸርማን ፎን ኸልምኾልትስ እ.ኤ.አ. በ1863 ስለ ድምፅ ስሜት ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ነገር በሚገባ መርምሮታል። በእንስራው አንገት ያለው አየር እንደ ክብደት፥ በሆዱ ያለው አየር እንደ ሞላ ሆነው ስለሚወዛወዙ፥ እንስራው የራሱ ቅኝት አለው። ይህን ነገር ለስፒከር ሳጥን ያዋለው፥ በአሜሪካ በቤል የቴሌፎን ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው አልበርት ቱራስ ነው፤ የፈጠራ መብቱንም እ.ኤ.አ. በ1932 አግኝቷል። እንግዲህ ቀዳዳ ያለው ሳጥን ሁሉ እንስራ ነው። ክራር ሳይቃኝ እንደማይመታ፥ ይህም ሳይቃኝ አይሠራም።

ቅኝቱን በቍጥር እናሳይ፤ ሒሳብ የማይወድ አንባቢ ሁለት አንቀጽ ቢታገሠን እንወዳለን። በውስጥ በኩል ወርዱ 50፥ ቁመቱ 45፥ ጥልቀቱ 28 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 63 ሊትር አየር ይይዛል። ስፒከሩና ድጋፍ እንጨቱ ጥቂት ቦታ ስለሚወስዱ 60 ሊትር እንበለው። ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቀዳዳ 1 ከ8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጣውላ ላይ ብንበሳ፥ ሳጥኑ በሰከንድ 62 ጊዜ ገደማ በሚርገበገብ ድምፅ ይቃኛል። በቀዳዳው ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የውሃ ቱቦ ወደ ውስጥ ብንሰካበት ቅኝቱ ወደ 48 ይወርዳል። ቱቦው 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 38 ይሆናል። ሳጥኑ ያው፥ ቀዳዳውም ያው ሆኖ፥ የቱቦው ርዝመት ብቻ ነገሩን ይህን ያህል ለወጠው።

የሒሳቡ መንገድ ለተማሪ ከባድ አይደለም። የቱቦውን አፍ ስፋት በካሬ ሳንቲ ሜትር መያዝ፥ እሱንም ለሳጥኑ ይዘትና ለቱቦው ርዝመት ብዜት ማካፈል፥ ከውጤቱ ስኩዌር ሩት ማውጣትና በ5,490 ማባዛት ነው። ይህ የመጨረሻው ቍጥር የድምፅን ፍጥነት፥ ማለት በሰከንድ 345 ሜትር ገደማ የሚሆነውን፥ በሳንቲ ሜትር አድርጎ ለፓይ እጥፍ ከማካፈል የተገኘ ነው። በቱቦው ርዝመት ላይ ግን ከአፉ ውጭና ከአፉ ውስጥ አብሮ የሚወዛወዘውን አየር መጨመር ይገባል፤ ለዚህ ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ጭማሪው 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህን ጭማሪ በመርሳት ነው።

አሁን ወደ ጊታሩ እንመለስ። የጊታር ወፍራሙ ክር ሳይነካ ሲመታ በሰከንድ 82 ጊዜ ይርገበገባል፤ ከዚያ በታች ጊታር የሚለው ነገር የለውም። ለጊታር ተብለው የሚሠሩት ባለ 12 ኢንች ስፒከሮችም የራሳቸው የተፈጥሮ ቅኝት ብዙውን ጊዜ ከ75 እስከ 100 ባለው ውስጥ ነው። ታዲያ 62 ላይ ወይም 48 ላይ የተቃኘ ቀዳዳ ምን ሊጠራ ነው? የሌለን ድምፅ ሊጠራ ነው። የሚጠራው ባይመጣለትም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በላዩ ያለውን ወፍራም ድምፅ ያሳብጠዋል። «ዱም ዱም» ያልነው ይህን እብጠት ነው። ማግኔቱ ደካማ በሆነ ርካሽ ስፒከር ላይ እብጠቱ ይብሳል።

የቤዝ ጊታር ነገር ግን ሌላ ነው። የእሱ ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ነው የሚርገበገበው። ለእሱ በልክ የተሠራ መተንፈሻ እውነተኛ ረዳት ነው፤ አየሩ የወረቀቱን ድካም ይካፈልለታልና። ሁለቱን መለየት ያልፈለገ ሰው የአይቤክስ ባንድ ከማኅሙድ አሕመድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 ያስቀረጸውን «ኧረ መላ መላ» እንደ ገና ያዳምጥ። የሰላም ሥዩም ጊታር ከላይ ደረቅና ጥርት ያለ ነው፤ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ከታች ሆኖ ይሄዳል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም። ሁለቱን በአንድ ሳጥን፥ ያውም 62 ላይ በተቃኘ ሳጥን፥ ለማሰማት የሚሞክር ክበብ ጊታሩን ያደፈርሳል፤ ቤዙን ደግሞ ይገድለዋል። ከቀዳዳው ቅኝት በታች የሆነ ድምፅ በመጣ ጊዜ አየሩ ወረቀቱን መያዝ ይተዋል። ወረቀቱም ያለ ልጓም ይወራጭና ከጠርዙ ይቀደዳል፥ ወይም ጥምጥም ሽቦው ከማግኔቱ ይላተማል። እንዲህ የሞተው ስፒከር ነው «ሳጥኑ በላው» የሚባለው።

ታላላቆቹስ ምን አደረጉ? በካሊፎርኒያ የጊታር አምፕሊፋየር በመሥራት ስሙ የገነነው ሊዮ ፌንደር በፉለርተን ከተማ ሱቅ ከፍቶ ራዲዮ ይጠግን የነበረ ሰው ነው። ከሠራቸው ሳጥኖች ብዙዎቹ ጀርባቸው በከፊል ክፍት ነው። ለንደን ላይ በ1960ዎቹ ሥራውን የጀመረው ጂም ማርሻል ከበሮ መቺና ነጋዴ ነበር። የታወቀበትም ሳጥን አራት ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች የያዘ፥ ጀርባው ዝግ የሆነ ነው። ሁለቱም መሐንዲሶች ሆነው አልጀመሩም፤ ሳጥኖቻቸው ግን እስከ ዛሬ በየመድረኩ ናቸው። በእነዚህ ሳጥኖች ላይ አናጢያችን የበሳውን ዓይነት ቀዳዳ የሚፈልግ ሰው አያገኝም።

የሚከራከረን ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። «ቀዳዳ ያለው የጊታር ሳጥንም እኮ አለ» ይለናል። አለ። ኤሌክትሮ ቮይስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኢቪኤም 12ኤል ለተባለው ስፒከሩ መተንፈሻ ያለው ሳጥን ነድፎለታል፤ ጊታረኞችም «የቲል ሳጥን» ይሉታል፥ ይወዱታልም። ስሙ የመጣው ኔቪል ቲል ከተባለው የአውስትራሊያ መሐንዲስ ነው። ቲል እ.ኤ.አ. በ1961፥ ከእርሱ በኋላም ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ፥ አንድ ስፒከር ምን ያህል ሊትርና ምን ዓይነት ቅኝት እንደሚፈልግ ከስፒከሩ ጠባይ ተነሥቶ የሚሰላበትን መንገድ አሳዩ። እንግዲህ ያ ሳጥን ማግኔቱ ብርቱ ለሆነ ለአንድ ስፒከር በልክ የተሰፋ ልብስ ነው። ስፒከሩን ትቶ ሳጥኑን ብቻ መቅዳት የሌላ ሰው መነጽር ማድረግ ነው። ስለዚህ ተከራካሪያችን ያመጣው ማስረጃ የሚያግዘው እኛን ነው።

ስሌቱን የሚፈልግ ሰው ከስፒከሩ ጋር የሚመጣውን የጠባይ ወረቀት መጠየቅ አለበት። በገበያ ላይ ያለው ስፒከር አብዛኛው ወረቀት የለውም። ወረቀት ከሌለው ሳጥኑን መዝጋት ወይም ጀርባውን በከፊል መክፈት ነው፤ በሁለቱም መንገድ የሚመጣው ስሕተት ትንሽ ነው፥ ኋላም ይታረማል። በዝግ ሳጥን የጥቂት ሊትር ስሕተት እምብዛም አይታወቅም። በተቃኘ ሳጥን ግን ያው ስሕተት ቅኝቱን ይወስደዋል። የእጅ ሥራ ገና በሚለመድበት ቦታ ይቅር ባይ የሆነውን መንገድ መምረጥ ፍርሃት አይደለም።

ስለ እንጨቱ ጥቂት እንጨምር። በቡናው ጥላ ሥር የሚያድገው ዋንዛ ለከበሮውም፥ ለሙቀጫውም፥ ለቀፎውም፥ ለበሩም የተመረጠ እንጨት ነው። ስለዚህም «የዋንዛ ሳጥን ይሠራልኝ» የሚል ደንበኛ ብዙ ነው። እኛ አንመክርም። በመጀመሪያ ዋንዛ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከዝግባ፥ ከኮሶና ከጥድ ጋር ቈጥሮ ከደን እንዳይቈረጥ የጠበቀው ዛፍ ነው። ቡናውም ጥላውን ይፈልገዋል። ሁለተኛም፥ ይህ ለብዙዎች ያስገርማል፥ የስፒከር ሳጥን እንደ ክራር ሆድ ወይም እንደ ከበሮ እንዲዘፍን አይፈለግም። የክራሩ ሆድ ራሱ ድምፅ ሰጪ ነው። የስፒከር ሳጥን ግን ዝም እንዲል ነው የሚፈለገው። ስለዚህ ውድ እንጨት ምንም አይጨምርለትም። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ደኅና ኮምፔንሳቶ ከሁሉ ይሻላል። ልክ ለሰጠነው ሳጥን እንጨቱ ብቻ 13 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሁለት ልጆች ያለ ችግር ያነሡታል። ቺፑድ ርካሽ ነው፥ ዳሩ ግን የሚዛንን ዝናብ አንድ ክረምት ከቀመሰ እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጣል። ጣውላ የግድ ከሆነ፥ በየእርሻው ለጥላ የሚተከለው ግራቪሊያ ይበቃል፤ ነገር ግን በጣራ ሥር ነፋስ እያገኘው ወራት ሳይቆይ መገጠም የለበትም። እርጥብ ጣውላ በኅዳር ተገጥሞ በጥር ፀሐይ ይሰነጠቃል፥ ስንጥቅ ደግሞ ሌላው ያልተፈለገ ቀዳዳ ነው።

ስለ አገጣጠሙ አናጢውን ማስተማር አይገባንም። ሦስት ነገር ብቻ እናሳስበዋለን። ማእዘኖቹ በኮላና በብሎን ይያዙ፤ ሚስማር ብቻውን ከስፒከር መርገብገብ ጋር ዘመድ አይሆንም። በፊተኛውና በኋለኛው ጣውላ መካከል አንድ ድጋፍ ይቁም። ስፒከሩም ከጣውላው ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ ስስ ስፖንጅ ይደረግበት፥ አየር እንዳያሾልክ። ዝግ ሳጥን ዝግ መሆኑ የሚታወቀው የስፒከሩን ወረቀት በአራት ጣት ቀስ አድርጎ ገፍቶ በመልቀቅ ነው፤ ከተዘጋ ወረቀቱ ቀስ ብሎ ይመለሳል፥ ካልተዘጋ ግን ወዲያው ይፈናጠራል። ሁለት ስፒከር የሚገባበት እንደ ሆነ ደግሞ አንዲት የባትሪ ድንጋይ በገመዱ ጫፍ ለአፍታ ማስነካት ነው። ሁለቱም ወረቀቶች በአንድነት ወደ ፊት ካልወጡ አንዱ ገመድ ተገላብጧል፥ ድምፁም ይጠፋፋል።

ቃኝቶ መሥራት የሚፈልግ ተማሪ ደግሞ ቅኝቱን በዓይኑ ማየት ይችላል። በእጅ ስልክ ከ30 እስከ 100 ያለውን ድምፅ በየተራ እያሰማ፥ በቱቦው አፍ ላይ የተንጠለጠለ ቀጭን ክር ይያዝ። ክሩ ከሁሉ አብልጦ የሚወዛወዝበት፥ የስፒከሩ ወረቀት ግን ቆሞ የቀረ የሚመስልበት ቍጥር፥ የሳጥኑ ቅኝት እሱ ነው። ከስሌቱ ጋር ያስተያየው። ሁለት ሦስት ቢለያይ አይደነቅ፤ አሥር ቢለያይ ግን ወይ አየር ያሾልካል፥ ወይ ሊትሩን አሳስቷል።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ለአናጢው ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ለእናንተ ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ነው። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው። ስለ ድምፅ ርግብግቢት የሚያስተምረው መጽሐፍ በተማሪው ቦርሳ ውስጥ ነው፥ የሚጋዘው እንጨት ደግሞ ከግቢው አጥር ውጭ ነው። በመካከላቸው ያለው መንገድ በእግር የሚሄዱት ነው፤ የሚሄድበት ግን ጥቂት ሰው ነው። የፊዚክስ ፈተናውን አልፎ የኸልምኾልትስን ስም በቃሉ የሚያውቅ ወጣት፥ ከደጁ ያለው አናጢ በግምት ሲበሳ እያየ ካለፈ፥ ቀዳዳውን እሱም አብሮ በስቶታል።

የክበብ ወይም የጽሕፈት ቤት ዕቃ የሚያዝ ባለሥልጣንም ድርሻ አለው። በማዘዣው ላይ «አንድ ጥሩ የድምፅ ሳጥን» ተብሎ ሲጻፍ፥ ጥሩ የሚለው ቃል ስንት ሊትር ነው? አናጢው ምን ይቈርጥ? የውስጥ ልኩ፥ የእንጨቱ ዓይነትና ውፍረት፥ የስፒከሩ ስፋትና ኦም፥ ዝግ ወይም ክፍት መሆኑ፥ መተንፈሻ ካለው የቱቦው ስፋትና ርዝመት ይጻፍ። ይህ ሁሉ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ሥራው ሲመጣም የሚመረመረው በቀለሙ ሳይሆን በዚያ ወረቀት ይሁን። አናጢው እንዲህ ያለ ማዘዣ ሁለት ጊዜ ከደረሰው፥ ለሦስተኛው ደንበኛ ራሱ ይጠይቃል፦ «ለጊታር ነው ወይስ ለቤዝ?» ብሎ።

ቀዳዳው ቀድሞ የተበሳበት ሳጥን ያለው ሰውም ይህን አንብቦ ሳጥኑን አይጣለው። ጀርባው የተዘጋ ሳጥን ከሆነ፥ በመጀመሪያ ጋቢውን አጣጥፎ በቀዳዳው ውስጥ ጥቅጥቅ አድርጎ ይወትፍና ያንኑ ዘፈን እንደ ገና ይጫወት። ድምፁ ከጠራ፥ ከቀዳዳው በአራት ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ክብ ኮምፔንሳቶ ይቍረጥ፥ ከሥሩ ስፖንጅ ያድርግበት፥ በስምንት ብሎን ይጠርቅመው፥ ጥቁር ቀለምም ይቀባው። ቤዝ የሚያሰማበት ቀን ቢመጣ ብሎኖቹን ፈትቶ፥ ሒሳቡን ሠርቶ፥ ቱቦውን ይሰካ።